ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ህመሙ፣ ማስታገሻው እና ሰላቱ



ጉልበትን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በሁለት ወይም በሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ማከም ዛሬ በሀገራችንም የሚሰጥ ሕክምና ነው። ሐኪሞች አርትሮስኮፒ ይሉታል። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የዞረበት ወጣትም ሆነ ደረጃ ላይ ወድቃ በጉልበቷ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት የተቀደደባት እህት ጠዋት ሆስፒታል ገብተው ማታ ቤታቸው ሊያድሩ ይችላሉ። "ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ከጥፍር አይበልጥም" ተብለው ይሸኛሉ። እውነትም ቀዳዳው ትንሽ ነው። የሚከተለው ሌሊት ግን ለብዙዎች እንደ ቀዳዳው ትንሽ አይሆንም።

እኛን ይህን ጽሁፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በማኅበረሰባችን ውስጥ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አባባል ነው። "የታዘዘልኝን ማስታገሻ አልዋጥኩትም፣ ሶብር አደርጋለሁ" የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። ንግግሩ ከጥሩ ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን ሶብር ማለት ሕክምናን መተው አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ታክመዋል፣ ሶሐቦችንም ታከሙ ብለዋል። ከዚህም በላይ የጉልበት ህመም ከሌላው ህመም የሚለይበት ነገር አለው። ጉልበት ሲያብጥና ሲያም አንጎል ከፊት ለፊት ያለውን ትልቁን የጭን ጡንቻ "ያጠፋዋል"፤ ሰውየው ጡንቻውን ላሳስር ቢል እንኳ አይታዘዝለትም። ጡንቻው በጥቂት ቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል፣ ጉልበቱ ጎብጦ ይቀራል፣ ደረጃ መውጣትና ሱጁድ መውረድ ይከብዳል። ስለዚህ ማስታገሻው የሚሰጠው ምቾት ለመፍጠር ብቻ ሳይሆን እግሩ እንዲንቀሳቀስ ነው። ህመሙን ችሎ ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው ጉልበቱን አልጠቀመም።

ለመሆኑ ውስጥ ምን ተደርጎ ነው ይህን ያህል የሚያመው? ካሜራው እንዲያይ ጉልበቱ በንጹህ የጨው ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ የተቀደደው ሜኒስከስ ይቆረጣል ወይም ይሰፋል፣ የተሰባበረ ነገር ካለ ይወጣል፣ አንዳንዴም የተበጠሰ ጅማት በሌላ ይተካል። ቆዳው ትንሽ ቢቀደድም ውስጡ ብዙ ተነክቷል። በነገራችን ላይ ይህ ጥበብ ከጃፓን የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ኬንጂ ታካጊ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 የፊኛ መመልከቻ መሣሪያ ተጠቅመው የሬሳ ጉልበት ውስጡን አዩ። ያሳሰባቸው የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ጉልበት ውስጥ ገብቶ ማድረቁ ነበር፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለሚቀመጥ ሕዝብ የደረቀ ጉልበት ትልቅ ጉዳት ነውና። ተማሪያቸው ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሽለው እ.ኤ.አ. በ1962 የተቀደደ ሜኒስከስ በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርጠው አወጡ። መንበርከክ የቀን ተቀን ሥራችን ለሆነው ለእኛ የታካጊ ጭንቀት እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ሌሊት

ብዙ የቀዶ ሐኪሞች ሥራውን ሲጨርሱ ጉልበቱ ውስጥ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወጋሉ። ታካሚው ቤቱ ሲደርስ ምንም አያመውም፤ ሻይ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ "ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። ማስታገሻውን ከረጢቱ ውስጥ ትቶት ይተኛል። መድኃኒቱ ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ ሲለቅ ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ላይ ህመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የተዋጠ ክኒን እስኪሠራ ድረስ ብዙ ያስለቅሳል። ከፍ ብሎ የወጣን ህመም ማውረድ ገና ሳይወጣ ከመያዝ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክኒን ጉልበቱ ገና ደንዝዞ ሳለ፣ ከመተኛት በፊት መወሰድ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናትም "ሲያመኝ እወስዳለሁ" ሳይሆን ሰዓት ጠብቆ መውሰድ ነው የሚሻለው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

መሠረቱ ፓራሲታሞል ነው። ሰው ስለለመደው ይንቀዋል፤ በትክክል ከተወሰደ ግን ጥሩ ይሠራል። ጤናማ ለሆነ አዋቂ የተለመደው መጠን ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነና የጉበት ችግር ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪሙ ይቀንስለታል። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል እንዳለ አትርሱ፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበትን ይጎዳል።

ሁለተኛው እብጠት የሚቀንሰው ቤተሰብ ነው፦ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉት። አይቡፕሮፌን ብዙውን ጊዜ 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ይታዘዛል። ከፓራሲታሞል ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ አሠራራቸው ስለሚለያይ እንዲያውም ይደጋገፋሉ። የማይቻለው ከዚሁ ቤተሰብ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ነው። ጠዋት ክሊኒክ ሄዶ ዳይክሎፌናክ የተወጋ ሰው ከሰዓት ቤቱ ያለውን አይቡፕሮፌን ቢጨምርበት ለጨጓራውና ለኩላሊቱ ጉዳት ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ይህን ቤተሰብ ሐኪም ሳያማክር አይነካም። በሀገራችን ጨጓራውን የማያመው ሰው ማግኘት ከባድ ስለሆነ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ጨጓራ የሚጠብቅ ኦሜፕራዞል አብሮ ሊያዝ ይችላል። ጫት የሚቅሙ ወገኖቻችንም ይህን ያስቡበት፦ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ክኒኑ ባዶ ሆድ ላይ ይወድቃል፣ በዚያ ላይ እግር አጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ አለ።

ሦስተኛው ትራማዶል ነው። ከባድ ህመም ሲሆን ለጥቂት ቀናት ይታዘዛል። "አደንዛዥ ስለሆነ ሐራም ነው" ብለው የሚጥሉት አሉ። ኡለማዎች ለሕክምና ሲባል፣ በሐኪም ትእዛዝና በሚያስፈልገው መጠን እንዲህ ያለውን መድኃኒት መጠቀምን ከመዝናኛ ሱስ ለይተው ፈቅደዋል፤ ይህ ባይሆን ቀዶ ሕክምናው ራሱ በማደንዘዣ ባልተደረገ ነበር። በሌላ በኩል ግን ፈቃዱ ህመሙ ሲያበቃ ያበቃል። ትራማዶል ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲቆይ ሱስ ያሲዛል። የተረፈው ፍሬ በቤት ውስጥ ለሌላ ሰው ህመም አይቀመጥም። አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ይህ መድኃኒት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ ነው። ያለ ሐኪም ማስረጃና ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል። እዚያ ላለች እህት "ለጉልበቷ" ተብሎ በመንገደኛ ሻንጣ መላክ መንገደኛውን ወደ መከራ መላክ ነው።

በረዶ፣ መከዳ እና ወጌሻ

ከክኒን ውጪ ያለው ሕክምና ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበት የሚፈልገው ቅዝቃዜ እንጂ ሙቀት አይደለም። በረዶ በፌስታል ተደርጎ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዛል፤ በቀን ውስጥ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይደገማል። ራቁት ቆዳ ላይ አይደረግም። በተለይ ጉልበቱ ገና ደንዝዞ ሳለ ቅዝቃዜው ቆዳውን ሲያቃጥል አይታወቅምና ጥንቃቄ ያሻል። የቁስሉ ፋሻም መራስ የለበትም። በረዶ የሌለው ከፍሪጅ የወጣ የቀዘቀዘ የውሃ ላስቲክ ይበቃዋል።

በሞቀ ፎጣ መተኮስ፣ ቅቤ ቀብቶ ማሸት፣ ወጌሻ ጠርቶ "ማስተካከል" በዚህ ጊዜ አይደረግም። የወጌሻን ሙያ መናቃችን አይደለም፤ ትናንት የተሰፋን ነገር ዛሬ ማሸት ስፌቱን ይበጥሳል፣ እብጠቱን ይጨምራል። ባት ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ ደግሞ ማሸቱ የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ሒጃማም ቢሆን ቁስሉ እስኪድን በዚያ እግር ላይ አይደረግም፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ደግሞ ጭራሽ አደጋ ነው። ጥቁር አዝሙድና ማር በምግብነት መልካም ናቸው፤ የታዘዘውን መድኃኒት ግን አይተኩም።

እግርን ከልብ ከፍታ በላይ ማስቀመጥ እብጠቱን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሁሉም ቤት የሚፈጸም ስህተት አለ፦ መከዳውን ጉልበት ሥር ማድረግ። ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ ስለሚያርፍ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እንደታጠፈ ይደርቃል። መከዳው የሚገባው ተረከዝና ባት ሥር ነው፤ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ቀጥ ይበል። የዝያራው ነገርም አለ። በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ሱንና ነው፤ ቤታችን ግን ሲሞላ በሽተኛው በየእንግዳው እግሩን ከመከዳ አውርዶ፣ ቁጭ ብሎ ሰላምታ ሲቀበል ይውላል። ማታ እግሩ እንደ ዱባ ያብጣል። እንግዶች ሆይ፣ ተኝቶ ቢቀበላችሁ አትቀየሙ።

እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ጉልበትን ወደ ፍራሹ እየተጫኑ የጭን ጡንቻን ለአምስት ሰከንድ ማሳሰር፣ ተረከዝን በፍራሹ ላይ እየጎተቱ ጉልበቱን በቀስታ ማጠፍ ይከተላሉ። ክኒኑ ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ቢሠራ ህመሙ ይቀላል። ምን ያህል መርገጥና ማጠፍ እንደሚፈቀድ ግን እንደተደረገው ሥራ ይለያያል። ሜኒስከሱ ተቆርጦ የወጣለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው እግሩን እየረገጠ ይሄዳል። የተሰፋለት ወይም ጅማት የተተካለት ግን ለሳምንታት ክራንች ሊይዝ፣ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ "ተቆረጠ ወይስ ተሰፋ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ጥያቄ የለም። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።

ሽንት ቤቱንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስቡበት። ቁጢጥ ማለት አዲስ ለታከመ ጉልበት ከባዱ ፈተና ነው፣ በክኒንም አይታለፍም። የመቀመጫ ሽንት ቤት ከሌለ መቀመጫው የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ትራማዶል ሆድ እንደሚያደርቅ አስታውሱና ውሃና አትክልት አብዙ።

ውዱእ፣ ሰላት እና ጾም

ጉልበት በውዱእ ከሚታጠቡ አካላት ውስጥ አይደለም። ይህን የምንለው "ፋሻ ስላለብኝ ውዱእ አልችልም" ብለው ወደ ተየሙም የሚሄዱ ስላሉ ነው። እግር የሚታጠበው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በማንቆርቆሪያ መታጠብ ይቻላል። ፋሻው እስከ ውስጥ እግር ወርዶ ከሆነ ወይም ጉስል ግዴታ ከሆነ ግን ፋሻ ላይ ስለማበስ ያለው ድንጋጌ ይመጣል፤ ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።

በሰላት ረገድ መሠረቱ ግልጽ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት አሟቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ቆሞ መስገድ፣ ካልተቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልተቻለ በጎን ተኝቶ የሚል ነው፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ሩኩዕና ሱጁድ ያልቻለ በጭንቅላቱ ያመለክታል፣ ለሱጁዱ ከሩኩዑ ዝቅ ይላል። ፊቱ ጠረጴዛ ማስቀመጥ አያስፈልገውም። መቆም እየቻለ ሱጁድ ብቻ የማይችለው እንዴት ያድርግ በሚለው መዝሀቦች ተለያይተዋል፦ በሻፊዒያና በሌሎች ብዙኃን ዘንድ መቆሙ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፣ በወንበር ላይ የሚቀመጠው ለማይችለው ክፍል ነው። በሐነፊያ ዘንድ ሱጁድ ያልቻለ ሰው ሙሉ ሰላቱን ተቀምጦ በማመልከት መስገድ ይችላል። በሀገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ መስጂድ ውስጥ አንዱ ሌላውን ባይነቅፍ ጥሩ ነው።

ወደ ሱጁድ መቼ እንመለስ? በተሸሁድ እግርን አጥፎ መቀመጥ ጉልበትን ወደ 150 ዲግሪ ያህል ማጠፍ ይጠይቃል፤ ደረጃ ለመውጣት ከሚያስፈልገው በእጅጉ ይበልጣል። ቀዳዳዎቹም ከፊት፣ ልክ መሬት በሚነካው ቦታ ላይ ናቸው። ስፌት ከወጣ በኋላ እንኳ (ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን) ጠባሳው ለሳምንታት መሬት ሲነካ ሊያም ይችላል። ሐኪሙ ሲፈቅድ መጀመሪያ አልጋ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ መስገጃው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ፣ ሲወርዱ በእጅ ተደግፋችሁ ጤነኛውን ጉልበት አስቀድሙ። መሬት ላይ ተቀምጦ የታመመውን እግር መዘርጋትም ይቻላል። በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን ተማሪዎች "ወንበር ላይ የሰገደ ሰው አጅሩ ይቀንሳል?" ብለው ይጠይቁን ነበር። ባሪያው ሲታመም በጤናው ጊዜ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት በሶሒሕ ሐዲስ መጥቷል።

ረመዳን ውስጥ ከገባ፣ የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ እንዲያወጣ አላህ (ሱ.ወ) ፈቅዶለታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የዚህ ፈቃድ ትክክለኛ ቦታ ናቸው። በተለይ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውሃ ባጠረው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ህመሙ ቀለል ካለና ሐኪሙ ከተስማማ ፓራሲታሞሉን በኢፍጣር፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እና በስሑር መውሰድ ይቻላል፤ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። መርፌን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ምግብነት የሌለው የጡንቻ መርፌ ጾም አያፈርስም ሲል ወስኗል።

ህመሙ ሲያታልል

ህመሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል፣ በሳምንቱ ግልጽ ሆኖ ይቀንሳል። እብጠቱ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ በተራመዱ ቁጥር ማታ ማበጡ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ቀንሶ የነበረው ህመም ተመልሶ ሲብስ ነው። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቀዳዳው የሚወጣ መግል፣ የሚሰፋ መቅላትና ትኩሳት ያለው ጉልበት ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል። ባት ካበጠና ሲነካ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም። እዚህ ላይ ማስታገሻ ጨምሮ መተኛት ሕይወት ያስከፍላል።

ቁስሉ ድኖ ወራት ካለፉ በኋላም ህመሙ የማይለቃቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጉልበቱ አስቀድሞ በዕድሜ የተሸረሸረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሂውስተን 180 የጉልበት መሸርሸር ያለባቸው ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጉልበታቸው በዚህ መንገድ የታጠበውና የተጸዳው ሰዎች ቆዳቸው ብቻ ከተቀደደው ሰዎች የተሻለ ውጤት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች መመሪያም ለተሸረሸረ ጉልበት ይህ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግ በጥብቅ መክሯል። እንዲህ ላለ ሰው መፍትሔው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ወይም የማያልቅ ማስታገሻ ሳይሆን የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒና ክብደት መቀነስ ነው።

ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ ሀገር የሄዳችሁ፣ የመመለሻ በረራውን ቀን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቁረጡ፤ ረጅም በረራ የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራል። ዑምራ ያሰባችሁም እንዲሁ። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰዕይ ብቻውን ሰባት ጊዜ ተመላልሶ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋፉ ሳይቆጠር። እዚያ ተሽከርካሪ ወንበር አለ፣ ያልቻለ ሰው በእሱ መፈጸሙም ይበቃዋል።